የአንድ ቸርች ኤሌክትሪክ ድራም፦ ፓድ ሰርተን፣ አፍርሰን፣ ገዝተን እንደገና የሰራንበት ጉዳይ

መነሻው

ቸርቹ ያለው አዲስ አበባ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ግራውንድ ላይ ያለ የንግድ ቤት ተከራይተው አዳራሽ አድርገውታል፣ ከላዩ አራት ፎቅ ሙሉ ሰው ይኖራል። ድራሙ አኩስቲክ ነበር፣ ያለ ኤሌክትሪክ የሚጮኸው ተራው ድራም። ድራመሩ ልጅ ጎበዝ ነው ግን ጣሪያው ዝቅ ያለ ክፍል ውስጥ ስኔር፣ ከፊቱ ያለውን ዋናውን ድራም፣ ሲመታ ድምፁ ሁሉንም ነገር ይውጠዋል፣ ሳውንድ ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ መዝሙሩ እንዲሰማ ብለው ማይኩን ይጨምራሉ፣ ኪቦርዱ ይጨምራል፣ ቤዙ ይጨምራል፣ እንደዛ እያለ ከላይ ያሉት ሰዎች መጡ። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉ እናት ባላቸውን ያስታምሙ ነበር፣ በቁጣ ሳይሆን በልመና ነው የመጡት፣ "ልጆቼ መዝሙሩ ደስ ይለኛል፣ እሱን ድብደባ ብቻ ቀንሱልኝ" አሉ። የቸርቹ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ድራሙ ወይ ይቁም ወይ ወደ ኤሌክትሪክ ይቀየር አሉ።

በዛው ሰሞን ከአሜሪካ የመጣ አንድ ወንድም ያገለገለ የድራም ሞጁል (የፓዶቹን ምት ተቀብሎ ድምፅ የሚያወጣው ሳጥን)፣ የሃይ ሃት ፔዳል (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ሲምባል መቆጣጠሪያ) እና ሁለት የጎማ ሲምባል በሻንጣው ይዞ መጣ። ፓዶቹን፣ ማለትም በድራሙ ፋንታ የሚመቱትን፣ ግን በኪሎ ምክንያት እዛው ትቷቸዋል። ስለዚህ ጭንቅላቱ አለ፣ ሲምባሉ አለ፣ ስኔር፣ ሦስት ቶም (ሌሎቹ በስቲክ የሚመቱት ድራሞች) እና በእግር የሚመታው ኪክ የሉም። እኔ ስራዬ ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ነው፣ ድራምም ለብዙ አመት ኳየር ላይ ተጫውቻለሁ፣ ለዛ ነው የጠሩኝ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፦ አምስቱን ፓድ እንግዛ ወይስ እንስራ? እኔም ቶሎ ብዬ "እንስራ፣ ቀላል ነው" አልኩ። በግማሹ ልክ ነበርኩ።

ፓድ ውስጥ ምን አለ

ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ችግር ሁሉ ከዚህ ነው የሚነሳው። ፓድ ውስጥ ያለው ዋናው ነገር ፒዬዞ ነው፣ ቀጭን የነሐስ ክብ ላይ የተለጠፈ ነጭ ሴራሚክ። ስትመታው ወይም ሲንቀጠቀጥ ቮልቴጅ ያወጣል፣ ይሄን ባህሪ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 ነው በክሪስታል ላይ ያሳዩት። የሰላምታ ካርድ ውስጥ የሚዘፍነው፣ የማንቂያ ደወል ውስጥ የሚጮኸው ቡዘር እሱ ራሱ ነው። ድራም ላይ የሚበዛው 27 ሚሊ ሜትርና 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ነው፣ ዋጋውም ከጠቅላላው ወጪ ውስጥ ከምንም የማይቆጠር ነው።

ሞጁሉ የሚሰራው ከዛ የሚመጣውን ቮልቴጅ ማንበብ ነው። ትሬሾልድ ከሚባለው ልክ በታች ከሆነ ዝም ይላል። ካለፈ ደግሞ ለ1 ወይም ለ2 ሚሊ ሰከንድ ያህል ከፍተኛውን ጫፍ ይጠብቃል፣ ስካን ታይም የሚሉት ይሄን ነው፣ ከዛ ያገኘውን ጫፍ ወደ ቬሎሲቲ፣ ማለትም ወደ ምቱ ኃይል ልክ፣ ይቀይረዋል፣ በሚዲ (የሙዚቃ መሳሪያዎች መረጃ የሚለዋወጡበት ቋንቋ) ከ1 እስከ 127 ባለ ቁጥር። ከዛ በኋላ ፓዱ ገና እየተንቀጠቀጠ ስለሆነ ለተወሰነ ጊዜ ጆሮውን ይዘጋል፣ ይሄ ማስክ ታይም ነው። እነዚህ ሦስቱን የያዘ ሰው ግማሹን ችግር ይፈታል፣ ግማሹ ግን በሴቲንግ የማይፈታ የእንጨትና የጎማ ችግር ነው።

የሚመታው ፊት ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። በ1981 የወጣው ሲሞንስ ኤስ ዲ ኤስ ፋይቭ የሚባለው ኤሌክትሪክ ድራም ባለ ስድስት ማዕዘን ፓዱ ጠንካራ ፕላስቲክ ነበር፣ ድራመሮች የእጅ አንጓ ህመም ያማርሩበት ነበር። ከዛ ጎማ መጣ። ከዛ በ1997 ሮላንድ የተባለው ኩባንያ ቲ ዲ 10 የሚባለውን ሞጁል ሲያወጣ ከድራም ቆዳ ሰሪው ሬሞ ጋር የሰራውን የመረብ ቆዳ ይዞ መጣ፣ ሜሽ የምንለው። ዛሬም ምርጫው ከጎማና ከሜሽ ብዙ አልወጣም።

መጀመሪያ የሞጁሉን ጀርባ ማንበብ

እንጨት ከመቁረጣችን በፊት ያደረግነውና እስካሁን ትክክል ነበር የምለው ነገር የሞጁሉን ጀርባ አንድ በአንድ መፈተሽ ነው። አንድ ፒዬዞ ጃክ ላይ አስረን ካርቶን ላይ ለጥፈን እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ እየሰካን በጣት መታነው። ከዛ የወጣው ነገር የምርጫችንን መልክ ቀየረው። የስኔሩ ቀዳዳ ሁለት ፒዬዞ ይቀበላል፣ አንዱ ለቆዳው አንዱ ለሪሙ፣ ማለትም ለጠርዙ ቀለበት፣ ጃኩ እንደ ስቴሪዮ ነው፣ ጫፉ ቆዳ፣ ቀለበቱ ሪም፣ የታችኛው ግራውንድ። የሲምባሎቹ ቀዳዳ ግን አንድ ፒዬዞና አንድ ስዊች ነው የሚፈልገው፣ እዛ ሁለት ፒዬዞ ብታስገባ ሪሙ አይሰራም ወይም ዝብርቅርቁ ይወጣል። ቶሞቹ ደግሞ ሦስቱም ነጠላ ናቸው፣ ባለ ሁለት ዞን፣ ቆዳውም ሪሙም ለየብቻ የሚሰማ፣ ቶም ቢገዛላቸው እንኳን ሁለተኛው ዞን ሜዳ ላይ ነው የሚቀረው።

ይሄን ሳናውቅ ገበያ ወጥተን ቢሆን ኖሮ ባለ ሁለት ዞን ፓድ በእጥፍ ዋጋ ልንገዛ ነበር፣ ድራመሩ ኢንተርኔት ላይ አይቶ የመረጠው እሱን ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው "የትኛው ፓድ ይሻላል" ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው "ሞጁልህ ምን ይቀበላል" ብዬ ነው።

የጎማው ፓድ

የመጀመሪያውን የሰራነው በጎማ ነው። መርካቶ ሄደን ኮምፔንሳቶ፣ ላሜራ፣ ማስቲሽ፣ የድሮ ከመነዳሪ፣ ስፖንጅ ገዛን። 18 ሚሊ ኮምፔንሳቶ በ25 ሴንቲ ሜትር ክብ ቆረጥን፣ ላዩ ላይ 1 ሚሊ ተኩል ላሜራ አደረግን፣ ከላሜራው ስር መሃሉ ላይ ፒዬዞውን በሱፐር ግሉ ለጠፍን፣ ከላይ ከመነዳሪውን ወጥረን በማስቲሽ ዘጋነው። በአንድ ቀን አራት ፓድ ሰራን፣ ማታ ሰክተን ስንመታ ድምፅ አወጣ፣ ሁላችንም ተደሰትን፣ ልጁ እስከ ሦስት ሰዓት ሲጫወት አመሸ።

በነጋታው ግን ላፕቶፕ ላይ በሚዲ አገናኝተን ቁጥሩን ስናይ ነው ነገሩ የታየው። በቀስታ አስር፣ በመካከለኛ አስር፣ በኃይል አስር ጊዜ እየመታን ወረቀት ላይ ጻፍነው። መሃሉ ላይ ከመካከለኛ ጀምሮ ሁሉም 127 ነው፣ ማለትም ፒዬዞው ብረቱ ላይ ቀጥታ ስለተለጠፈ ሞጁሉ ከሚችለው በላይ ቮልቴጅ ያወጣል፣ በመካከለኛና በኃይለኛ ምት መሃል ልዩነት የለም። ጠርዙ ላይ ስትመታ ደግሞ በተመሳሳይ ኃይል 50 ምናምን ነው የሚመጣው። በዛ ላይ አንድ ጊዜ መትተህ ሁለት ጊዜ ይጮሃል፣ ምክንያቱም ላሜራው እንደ ደወል እየተንቀጠቀጠ ይቆያል፣ ሞጁሉ ጆሮውን ሲከፍት ገና አልበረደም።

እኔ መጀመሪያ ያደረግኩት ስህተት ይሄን በሴቲንግ ልሸፍነው መሞከሬ ነው። ማስክ ታይሙን ወደ 40 ሚሊ ሰከንድ አሳደግኩት፣ ድርብ ድምፁ ጠፋ፣ ግን ልጁ ፍላም (ሁለት ምት በጣም ተጠጋግቶ) ሲመታ ሁለተኛው ምት ጠፋ፣ የፍላም ሁለቱ ምት መሃል ያለው 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ ሞጁሉ በሩን ዘግቶ ነው የሚያሳልፈው። ልጁ መጥቶ "ጋሼ፣ እጄ ላይ አለ፣ ድምፁ ላይ ግን የለም" አለኝ። እንደዛ ሲል ገባኝ፣ ሰውየው የሚጫወተውን እየበላሁ ነበር።

ከዛ አፈረስነው። ላሜራውና ኮምፔንሳቶው መሃል 5 ሚሊ ጠንከር ያለ ፎም ሙሉውን ለጠፍን፣ ብረቱ እንዳይደውል ይዞ ያስቀረዋል። ፒዬዞውን በሱፐር ግሉ ፋንታ ወፍራም ባለ ሁለት ፊት የፎም ፕላስተር ላይ አደረግነው፣ ቮልቴጁ ወረደ፣ መሃሉና ጠርዙም ተቀራረበ። ለአንዱ ቶም አሁንም በጣም ስለሚጮህ መስመሩ ላይ ትንሽ ፖቴንሽዮሜትር ጨመርን፣ እንደ ቮልዩም ማለት ነው። ማስክ ታይሙ ወደ 10 ወረደ፣ ፍላሙ ተመለሰ።

ከመነዳሪው ግን እስከመጨረሻው አልተስማማኝም። ወጥረህ ካሰርከው ስቲኩን እንደ ወንጭፍ ይወረውረዋል፣ ሳትወጥረው በማስቲሽ ካጣበቅከው ደግሞ ሞቶ ይቀራል። ልጁ ቤቱ የነበረውን የድሮ ፕራክቲስ ፓድ ጎማ ገልጠን አንዱ ላይ ስናደርገው ልዩነቱ ወዲያው ታወቀ፣ ወፈር ብሎ ልስላሴ ያለው የተፈጥሮ ጎማ ነው። ቀሪዎቹን ከኮምፒውተር ማውስ ፓድ ሁለት ንጣፍ ደርበን ሰራናቸው፣ ስቲክ ሲመላለስበት ቶሎ ያልቃል ግን ምቱ ደህና ነው።

ሌላ ስለ ሽቦው፣ የፒዬዞው ቀዩ ሽቦ ከሴራሚኩ ላይ ያለው ሊድ በጣም ስስ ነው። ሶልደር ስታደርጉ አይረኑን አታቆዩት፣ ነካ አድርጎ ማንሳት ነው፣ ሙቀት ሲበዛበት ሴራሚኩ ላይ ያለው የብር ሽፋን ይነሳል። ከዛ ሽቦውን ከፒዬዞው አጠገብ ኮምፔንሳቶው ላይ በሆት ግሉ ያዝ አድርጉት። እኛ ይሄን ሳናደርግ በሦስት ሳምንት ሁለት ፓድ ዝም አለ፣ አንዱ እሁድ ጠዋት አምልኮ መሃል ላይ ነው።

ኪክ ሲመታ ስኔር ሲጮህ

ፓዶቹን የሰቀልንበት ራክ፣ ማቆሚያው፣ ከቱቦላሬ የተበየደ ነው፣ ጠንካራና ቆንጆ። ችግሩ ጠንካራነቱ ነበር። ኪኩን ስትረግጥ ንዝረቱ በብረቱ ሄዶ ስኔሩን ያስነሳዋል፣ ትልቁን ቶም ስትመታ ትንሹ ቶም ይመልሳል። ክሮስቶክ ይሉታል። ሁሉም ሰው ትሬሾልድ ጨምር ይልሃል፣ እኛም ጨመርን፣ ጠፋ።

ግን እሁድ መጣና የመጀመሪያው መዝሙር ችክችካ ሆነ። ችክችካ እኮ ስድስት ስምንተኛ ነው፣ ጣዕሙ ያለው ትልልቁ ምት ላይ አይደለም፣ መሃል መሃሉ ላይ ስኔሩ ላይ የሚነካኩት ትንንሾቹ ምቶች ናቸው ወደፊት የሚገፉት። ትሬሾልዱ ከፍ ሲል የጠፉት በሙሉ እነሱ ናቸው። ከውጪ ለሚሰማ ሰው ድራሙ እየሰራ ነው፣ ግን መዝሙሩ ደርቋል፣ አምልኮ መሪው ዞር ዞር እያለ ድራመሩን ያያል፣ ልጁ ደግሞ እንዲሰማለት ብሎ በኃይል መምታት ጀመረ። በዛች ሰዓት የተማርኩትን አልረሳውም፣ ትሬሾልድ ዝቅ ማለት የሚችለው ንዝረቱ አስቀድሞ በአካል ሲቆረጥ ብቻ ነው፣ ቅደም ተከተሉን ከገለበጥከው ክሮስቶኩን ስትገድል ሙዚቃውንም አብረህ ትገድላለህ።

ስለዚህ ወደ ብረቱ ተመለስን። ፓዱን ከራኩ ጋር የሚያገናኘው ብሎን ከላይም ከታችም ሮንዴላው ስር ከከመነዳሪ የተቆረጠ ወፍራም ጎማ ገባበት፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀዳዳም በትራፓኖ ሰፍቶ የጎማ ቱቦ ገባበት፣ ብረት ከብረት የሚነካካበት ቦታ እንዳይኖር። ዳዶውን እስከመጨረሻው ማጥበቅ ክልክል ሆነ፣ ካጠበቅከው ጎማው ተጨፍልቆ እንደ ብረት ይሆናል። ከመነዳሪው ለፓድ ፊት ባይሆንም ለዚህ ስራ ግሩም ነው። ኪኩን ደግሞ ከራኩ ጨርሶ አውጥተን ለብቻው ቆሞ ወለሉ ላይ እንዲቀመጥ አደረግነው። ይሄ ሁሉ ከሆነ በኋላ የስኔሩን ትሬሾልድ ከነበረበት በግማሽ አወረድነው፣ የቀረችውን ትንሽ ክሮስቶክ የሞጁሉ የራሱ ክሮስቶክ ሴቲንግ ያዛት።

አንድ ሌላ ያልጠበቅነው ነገር ሰብዉፈሩ ነው። ከእንጨቱ መድረክ ላይ ድራሙ አጠገብ ነበር የተቀመጠው፣ ቤዝ ጊታሩ ዝቅ ያለ ኖታ ሲይዝ ኪኩ ማንም ሳይረግጠው ይመታል። ሰብዉፈሩን ከመድረኩ አውርደን መሬት ላይ ስናደርገው ቆመ።

ስኔሩን ወደ ሜሽ መቀየር

ቶሞቹ በጎማ ደህና ነበሩ፣ ስኔሩ ላይ ግን ልጁ አልረካም፣ ጎማ ላይ ትንንሹን ምት መቆጣጠር ከበደው፣ ልክም ነበር። ከአኩስቲኩ ድራም አንድ 12 ኢንች ቶም አውጥተን ወደ ሜሽ ለመቀየር ወሰንን።

መጀመሪያ ሜሹን ራሳችን ለመስራት ሞከርን። የመስኮት የትንኝ መረብ ሁለት ንጣፍ፣ አንዱን በአንዱ ላይ 45 ዲግሪ አዙረን፣ ከድሮ ቆዳ ላይ ባወጣነው ቀለበት ውስጥ በኢፖክሲ አጣበቅን። ሁለቱን አለማዞር አይቻልም፣ ካልዞረ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይወጠርና ይረግባል። ለሁለት ሳምንት ሰራ፣ ከዛ ከኢፖክሲው እየተላቀቀ መጣ፣ በየቀኑ ማጥበቅ ሆነ፣ በመጨረሻ መሃሉ ተቀደደ። ለመሞከሪያ ጥሩ ነው፣ እሁድ እሁድ ለሚመታ ድራም አይሆንም። ባለ ሁለት ንጣፍ ሜሽ ከውጪ በሰው አስመጣን፣ ከገዛናቸው ነገሮች ውስጥ ገንዘቡ የሚገባው ነው የምለው እሱን ነው።

ከሜሹ ስር ፒዬዞውን ከቆዳው ጋር የሚያገናኘው የፎም ኮን ነው። የመጀመሪያውን ኮን ከፍራሽ ስፖንጅ ቆረጥነው፣ በሳምንቱ ጨፍልቆ ቀረ፣ ቀስ ያለ ምት መስማት አቆመ። ሁለተኛውን ከሲሊፐር ጫማ ታኮ ቆረጥነው፣ እሱ ደግሞ ድርቅ ያለ ስለሆነ መሃሉ ላይ ስትመታ ዱላ የመታህ ይመስላል። የሰራው በመሃሉ ያለው ነው፣ የዕቃ ማሸጊያ ጥቅጥቅ ያለ ፎም፣ በጣት ስትጫነው የሚገባ ግን ወዲያው የሚመለስ። ከፍታው ቆዳው ሳይገባ ከሼሉ፣ ከድራሙ ክብ አካል፣ ጠርዝ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዲወጣ አደረግን። ዝቅ ካለ ሜሹን አይነካውም፣ ከፍ ካለ ቆዳውን ይገፋውና ያደነዝዘዋል።

ኮኑ መሃል ላይ ሲሆን የታወቀ ችግር አለው፣ ልክ በኮኑ አናት ላይ የመታህ ጊዜ ድምፁ ዘሎ ይወጣል፣ ሆት ስፖት ነው። በቁጥር ስናየው በአንድ አይነት ምት መሃሉ 120፣ ከመሃሉ አራት ጣት ወጣ ብሎ 80። ሞጁሉ ምቱ ያረፈበትን ቦታ የማንበብ ችሎታ ስለሌለው መሃል ላይ የግድ መሆን የለበትም፣ ስለዚህ ከድራመሩ ራቅ ወዳለው ጠርዝ ወሰድነው፣ ስቲኩ ብዙ ጊዜ የማያርፍበት ቦታ። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም ግን ልጁ የሚመታበት ቦታ ሁሉ ተቀራራቢ ሆነ። ለሪሙ ሁለተኛውን ፒዬዞ ሼሉ ውስጥ ግድግዳው ላይ በፎም ፕላስተር ለጠፍን፣ ሪም ሾትና ክሮስ ስቲክ የሚባሉት ሪሙን የሚነኩ ምቶች ተገኙ። የሪሙ ፒዬዞ መጀመሪያ ላይ ዘግየትና ደከም ይል ነበር፣ ሁለቱን ሽቦ ስናቀያይር ተስተካከለ፣ ምክንያቱም አንዳንድ ሞጁል የመጀመሪያው የሞገድ ግማሽ ወደ የትኛው ጎን እንደሚሄድ ግድ ይሰጠዋል።

ማንም ሳይመታው የሚጮኸው ድራም

አንድ ረቡዕ ማታ ልምምድ ላይ መብራት ሄደ፣ ጀነሬተር ተነሳ፣ ድራሙ ብቻውን ይመታ ጀመር። ትንሽ ሰው እንደ መደንገጥ ብሎ ነበር። ነገሩ ግን ቀላል ነው፣ ከፓድ ወደ ሞጁል የሰራነው ገመድ ተራ ባለ ሁለት መስመር የስፒከር ገመድ ነበር፣ ፒዬዞ ደግሞ ኢምፔዳንሱ፣ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ፣ ከፍ ያለ ስለሆነ ገመዱ እንደ አንቴና ሆኖ ከመስመሩ 50 ኸርዝ ጩኸትና የጀነሬተሩን ጫጫታ ይሰበስባል። የፍሎረሰንት መብራቱም ሲበራ አንድ ምት ይሰማ ነበር፣ እሱን ቀድመን አይተን ንቀነው ነው። ሁሉንም ገመድ ሺልድ ባለው የማይክ ገመድ ቀየርነው፣ በጎማዎቹ ፓዶች ላይ ላሜራውን ከጃኩ ግራውንድ ጋር አገናኘነው። ከዛ በኋላ አልተመለሰም። ይሄን መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነበረብኝ፣ ሙያዬ ስለሆነ ይቆጨኛል።

ከበሮውን ማስገባት፣ ያልተሳካው

ኳየሩ ከበሮ ድምፅ ፈለገ፣ አንድ ፓድ በእጅ የሚመታ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ጎን ያለው። ሰራንለት፣ ስስ ኮምፔንሳቶ ላይ ማውስ ፓድ፣ ሁለት ፒዬዞ በግራና ቀኝ። እጅ ግን ስቲክ አይደለም። የመዳፍ ምት ቀስ ብሎ ነው ጫፉ ላይ የሚደርሰው፣ ሞጁሉ በ2 ሚሊ ሰከንድ ስካን ታይም ጫፉ ሳይደርስ ስለሚቆርጠው ኃይለኛውን ምት እንደ ደካማ ያነበዋል። ወደ 4 ስናሳድገው ተሻለ። ድምፁ ግን አልሆነም፣ ሞጁሉ ውስጥ ከበሮ የለም፣ ቶም ዝቅ አድርገን ከበሮ ለማስመሰል ሞከርን፣ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ አባት ሰምተው "ይሄ ከበሮ አይደለም" አሉ፣ እውነታቸውን ነው። ከበሮ ላይ መዳፍ ቆዳውን ሲጫን የሚለወጠው ድምፅ፣ ጣት ሲነካው ያለው ድምፅ፣ ያን ሁሉ አንድ ፒዬዞ አይነግርህም። ትክክለኛው ከበሮ በማይክ ገባ፣ ፓዱ ፈርሶ ፒዬዞዎቹ መለዋወጫ ሆኑ።

በላፕቶፕ የሞከርነው

ለከበሮው ሲባል ሌላም መንገድ ሞክረን ነበር፣ አርዱዪኖ ሊዮናርዶ የሚባል ፕሮግራም የሚደረግ ትንሽ ቦርድ ላይ ፓዶቹን ሰክተን በዩኤስቢ እንደ ሚዲ ወደ ላፕቶፕ። ለእያንዳንዱ መስመር 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተርና ቮልቴጁ ከ5 ቮልት አካባቢ እንዳያልፍ የሚገታ ዜነር ዳዮድ ይበቃዋል፣ ንባቡ ከ0 እስከ 1023 ስለሆነ ለቬሎሲቲ ከበቂ በላይ ነው። ሰርቷል። የድምፅ መዘግየቱም በ128 ሳምፕል ባፈር በ44,100 ኸርዝ ወደ 3 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ስለሆነ ልጁ አላስተዋለውም። የተውነው በሌላ ምክንያት ነው፣ እሁድ ጠዋት የሚያዘጋጁት ተራ የሚገቡ በጎ ፈቃደኛ ልጆች ናቸው፣ ላፕቶፕ ከፍቶ ድራይቨር ማስተካከል የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱ ካልመጣ ድራም የለም። ሞጁሉ ግን መሰካትና ማብራት ብቻ ነው። ቤቱ ለሚለማመድ ሰው ግን ይሄን መንገድ ከልቤ እመክራለሁ።

ወለሉ

ሁሉም ነገር ሲስተካከል እናታችን አንደኛ ፎቅ ሄደን ጠየቅናቸው። ስኔሩ አይሰማም፣ ሲምባሉ አይሰማም፣ "ድም ድም የሚለው ግን አለ" አሉ። እግር ነው። ኤሌክትሪክ ድራም ዝም ያለ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሄን ይረሳዋል፣ የኪክ ፔዳል ወለሉን ይመታል፣ ኮንክሪቱ ደግሞ በምሰሶው ይዞት ወደ ላይ ይወጣል። ምንጣፍ አነጠፍን፣ ምንም አላደረገም። የሰራው ሁለት የኤም ዲ ኤፍ ሳንቃ፣ መሃላቸው የቴኒስ ኳሶች፣ ኳሶቹ እንዳይንከባለሉ የታችኛው ሳንቃ ላይ ክብ ቀዳዳ ተቆርጦላቸው። ድራመሩም ወንበሩም ኪኩም ላዩ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ የሳንቃው ጠርዝ ግድግዳውንም ወለሉንም መንካት የለበትም። መጀመሪያ ቀን መርከብ ላይ ያለ ይመስላል፣ ልጁ በሳምንት ለመደው።

ሌላ ቦታ ለሚገጥመው ሰው

ድጋሚ ከዜሮ ብጀምር ሦስቱን ቶም በጎማ እሰራለሁ፣ ሃይ ሃትና ሲምባልን ለመስራት አልሞክርም። የሃይ ሃት ፔዳል ግማሽ ክፍት የሚለውን ቦታ በትክክል ማንበብ አለበት፣ የሲምባሉ ጠርዝ ደግሞ በእጅ ሲያዝ ድምፁን የሚቆርጥ ስዊች ይፈልጋል፣ ይሄን በቤት ስራ ለዓመት የሚቆይ አድርጎ መስራት ልፋቱ ከዋጋው ይበልጣል። ስኔሩን ሼሉን ሰርቼ ሜሹን እገዛለሁ። ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ገንዘቡ ወደ ስኔሩ ይሂድ፣ እጅ ከሁሉ በላይ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ፓድ ሊገዛ የሚሄድ ሰው ሱቅ ውስጥ በኃይል መትቶ አይወስን። በጣም በቀስታ፣ በጣት ጫፍ ያህል ኃይል፣ መሃሉንም ጠርዙንም ይምታ፣ ከዛ አንዱን ፓድ በኃይል ሲመታ ሌላው ዝም ይል እንደሆነ ይስማ። በኃይል ሲመታ ሁሉም ፓድ ጥሩ ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ የራሱን ሞጁል ይዞ ይሂድ፣ በሌላ ሞጁል ላይ ግሩም የሆነ ፓድ ያንተ ላይ ሪሙ ላይሰራ ይችላል። ወረቀት ላይ የጻፍናቸው ቁጥሮች ደግሞ ትልቅ ጥቅም ሰጥተውናል፣ "የተሻለ መሰለኝ" ከሚል ጭቅጭቅ አውጥተውናል፣ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ እንደገና ሰላሳ ምት መምታት ነው።

አሁን ያለበት

ይሄን ስጽፍ ድራሙ በየሳምንቱ እየሰራ ነው። የስኔሩን ኮን በየሁለት ወሩ አውጥተን ከፍታውን እንለካለን፣ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ይቀየራል፣ ትርፍ ሦስት ኮን ተቆርጦ ሞጁሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። የሁለተኛው ቶም ማውስ ፓድ መሃሉ እየሳሳ ነው፣ ለእሱ ከፕራክቲስ ፓዱ ጋር የሚመሳሰል ጎማ እየፈለግን ነው። እናታችን ባለፈው ስንጠይቃቸው እሁድ ጠዋት ድም ድሙን እንደማይሰሙት፣ ረቡዕ ማታ ቤቱ ፀጥ ሲል ግን አሁንም ትንሽ እንደሚሰማቸው ነግረውናል፣ ስለዚህ የረቡዑ ልምምድ ላይ ኪኩ ለስላሳ ኳስ ባለው መምቻ ነው የሚመታው፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላም ይቆማል።